ወደ ግራ ከሳበችህ ቀኙን ፍታ

የመኪና ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የፍሬን ናቸው። ክረምት ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ሁሌም እንደዚህ ነው፣ ፍሬን ውስጥ የገባው ጭቃና ውሃ ስራውን ሰርቶ ጉዱ ሚወጣው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። አራቱን መርጫለሁ፣ የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ ብቆይ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ኖት፣ እኔ ደሴ ሸዋ በር ነው ምኖረው ስራዬ ግን ኮምቦልቻ ስለሆነ ጠዋት የሀረጎን ቁልቁለት ወርጄ ማታ ወጥቼ ነው ምገባው። መኪናዬ ቪትዝ ናት የ2003 ሞዴል። ክረምቱ ካለፈ ወዲህ ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ ትስበኛለች፣ ጠዋት ከቤት ስነሳ እምብዛም አይታወቅም ቁልቁለቱን ጨርሼ ኮምቦልቻ ልገባ ስል ግን ይብስባታል፣ በቀደም አህያ ድንገት ገብታብኝ በደንብ ስረግጠው ተቃራኒ መስመር ውስጥ ነው ራሴን ያገኘሁት፣ ደግነቱ የሚመጣ መኪና አልነበረም። አንድ ጋራዥ አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ መዛባት) ነው ብሎኝ አሰራሁ ከፈልኩ፣ ለውጥ የለም። ሌላኛው ደግሞ የግራው ፍሬን ከመጠን በላይ ስለሚይዝ ነው ትንሽ ላላ ላድርገው አለኝ። ፔዳሉ ደህና ነው አይሰምጥም፣ ፍሬን ካልነካሁ ደግሞ መሪውን ብለቀው እንኳን ቀጥ ብላ ነው ምትሄደው። ይላላ ወይስ ይቅር?

መልስ፦ ይቅር ወንድሜ፣ ኧረ በጭራሽ እንዳታስነካው! አሁን መኪናህ ላይ ስራውን በስነ ስርዓት እየሰራ ያለው የግራው ነው፣ እሱን አላልተህ ሁለቱን እኩል ሰነፍ ካደረግካቸው መሳቡ ይቆም ይሆናል መኪናዋ ግን አትቆምም። ደግሞስ የቪትዝ የፊት ፍሬን ዲስክ ነው፣ ከጎማው ጋር ሚዞረውን የብረት ሳህን ከሁለት ወገን ነው ሚይዘው፣ እንደ ታምቡር ፍሬን በቁልፍ ሚላላ ሚጠብቅ ነገር የለውም፣ ላላ ላድርገው ያለህ ሰው ምኑን ሊያላላው እንደነበር እሱ ይጠየቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እየሮጥክ ሰው ከኋላ ግራ ክንድህን ቢይዝህ ወደየት ነው ምትዞረው? ወደ ግራ። መኪናም ፍሬን ስትረግጥ ከፊት ሁለት ጎማዎች አንዱ ጠበቅ አድርጎ ሲይዝ ሌላው ሲለግም ወደያዘው ትዞራለች። ስለዚህ ወደ ግራ ስትስብ አብዛኛውን ጊዜ ታማሚው ቀኙ ነው። ጋራዥ ውስጥ ግን የሰው እጅ ቀድሞ ሚሄደው መኪናዋ ወደሳበችበት ጎማ ነው፣ ስንት ደህና ካሊፐር (ዲስኩን ቆንጥጦ ሚይዘው ክፍል) በዚህ ምክንያት ያለ ኃጢአቱ እንደተፈታ ብነግርህ። የፊቶቹ ላይ አተኩር ምልህም ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚደፋ ነው፣ ከማቆሙ ስራ 70 በመቶ ያህሉን ሚሰሩት የፊት ፍሬኖች ናቸው፣ በነሱ ግራና ቀኝ መሃል ትንሽ ልዩነት ካለ መሪህ ላይ ወዲያው ይሰማሃል።

አላይመንት እንዳልሆነ ደግሞ ራስህ ነግረኸኛል። አላይመንት ወይ የጎማ አየር ቢሆን ኖሮ ፍሬን ሳትነካም ትስብህ ነበር፣ ያንተዋ መሪ ለቀህ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። (ይሄን ምትሞክረው ሰው በሌለበት ሜዳ መንገድ ላይ ነው፣ መንገድ ሲሰራ ዝናቡ እንዲወርድ መሃሉ ከፍ ዳሩ ዝቅ ስለሚደረግ እኛ አገር በቀኝ ስንነዳ ደህና መኪናም ቢሆን በጥቂቱ ወደ ቀኝ ማዘንበሉ አይቀርም።) አየርም ቢሆን ግን ጠዋት ጎማው ሳይግል አስለካው፣ ቀላሉን ሳትጨርስ ከባዱ ውስጥ አትግባ።

ቀኙን መጀመሪያ ያለ ምንም ቁልፍ ነው ምትመረምረው። መኪና በማይበዛበት ሜዳ ላይ ጥቂት ጊዜ ደጋግመህ ፍሬን ያዝና ቁም፣ ወርደህ የእጅህን ጀርባ ወደ ግራው የፊት ቸርኬ አስጠጋ፣ አትንካው፣ ከዛ ወደ ቀኙ። ሙቀታቸው ተቀራራቢ መሆን አለበት። ግራው እየፋጀ ቀኙ ለብ ብቻ ካለ ቀኙ እየሰራ አይደለም፣ አለቀ። በተቃራኒው ፍሬን እምብዛም ሳትይዝ ቆይተህ አንዱ ጎማ ብቻ ሚፋጅና ሚሸት ከሆነ ያ ሌላ በሽታ ነው፣ ይዞ አልለቅ ያለ ፍሬን ነው፣ ቀጥሎ ያሉት አባት የጠየቁት እሱን ነው። የጋለውን ጎማ ውሃ ደፍቼ ላብርደው እንዳትል ብቻ፣ የጋለ ዲስክ ድንገት ሲቀዘቅዝ ሊጣመም ሊሰነጠቅም ይችላል።

ቀጥሎ ጎማው ይፈታ። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ የኋላ ጎማዎች ላይ ታኮ አድርግ፣ ቡሎኖቹን መሬት ላይ እያለች አላላቸው፣ በክሪክ ካነሳሃት በኋላ ደግሞ ደህና መደገፊያ ሳታስገባ ስሯ አትግባ። ደሴ ውስጥ ሜዳ ቦታ ማግኘት ራሱ ስራ ነው አውቃለሁ፣ ግን ዳገት ላይ አይሞከርም።

ቪትዝ ላይ ያለው ካሊፐር ፒስተኑ አንድ ነው፣ በውስጥ በኩል ነው ያለው። ፍሬን ስትረግጥ ፒስተኑ የውስጡን ሸራ (ዲስኩ ላይ ሚፋተገውን) ይገፋል፣ ከዛ ካሊፐሩ ራሱ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራቶ የውጪውን ሸራ ስቦ ዲስኩ ላይ ይለጥፈዋል። ፒኖቹ አቧራ መከላከያ ጎማ አላቸው። ጎማው ሲቀደድ ውሃና ጭቃ ይገባል፣ ፒኑ ይዝጋል፣ ካሊፐሩ መንሸራተት ያቆማል፣ የውስጡ ሸራ ብቻውን ይለፋል የውጪው ቁጭ ብሎ ያያል። ከክረምት ወዲህ ነው ስላልከኝ እኔ ቀድሜ ምጠረጥረው ይሄንን ነው፣ ሲግል ይብሳል ያልከውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፣ ቁልቁለቱን ሙሉ ስራው ሁሉ አንድ ሸራ ላይ ሲያርፍ ሸራው ከልክ በላይ ይግልና መያዙ ይቀንሳል።

ሁለቱን ሸራዎች አውጥተህ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። የውስጡ ተበልቶ የውጪው አዲስ ከመሰለ ፒኖቹ ደርቀዋል ማለት ነው። ፒኑን በእጅህ ሞክረው፣ በጣት ግፊት መግባትና መውጣት አለበት፣ መዶሻ ካልመጣ ካለህ መልሱን አገኘህ። ዝገቱን በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት አንሳ፣ ቀዳዳውን አጽዳ፣ የተቀደደውን ጎማ ቀይር፣ ከዛ ሙቀት ሚችል የሲሊኮን ግሪስ ቀባ። እዚህ ጋ አደራህን፣ ያንን ለኩሽኔታ ሚደረገውን ተራ ግሪስ እንዳይቀቡልህ። ከነዳጅ ዘይት የተሰራ ግሪስ የፍሬን ጎማ ያሳብጣል፣ ለጥቂት ጊዜ ፒኑ እንደ ልቡ ይሄድልህና ተመልሶ ይነክሳል፣ ያኔ ካሊፐሩ ነው የማይረባው ብለው አዲስ ያስገዙሃል።

ፒኖቹ ደህና ከሆኑ ፒስተኑን እየው። የድሮውን ሸራ ፒስተኑ ላይ ደግፈህ በሞርሳ ቀስ እያልክ ወደ ውስጥ ግፋው፣ በዚህ ጊዜ የፍሬን ዘይቱ ወደ ላይ ስለሚመለስ ሞልቶ እንዳይፈስ እየው፣ ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቀለም ይልጣል። ያለ ብዙ ትግል መግባት አለበት። እምቢ ካለ ወይ ዝጓል ወይ ዙሪያው ያለው ጎማ ተበላሽቷል። ካሊፐር ሙሉውን ከመግዛትህ በፊት የጎማ ኪት ካለ ጠይቅ፣ ፒስተኑን ዝገት ካልቦረቦረው ኪቱ ይበቃዋል።

ሸራው ዘይት የጠጣም ሊሆን ይችላል፣ ይሄ በአይን ይታያል፣ ጠቆር ብሎ ወዝ ወዝ ይላል። ከየት መጣ ሳትል ሸራ ብቻ ቀይረህ እንዳትወጣ፣ ወይ ካሊፐሩ ያፈሳል ወይ የአክስሉ ጫፍ ላይ ያለው ግሪስ መያዣ ጎማ ተቀዶ ዙሪያውን እየረጨ ነው። እንዲህ አይነት ሸራ በቤንዚን ቢታጠብ በእሳት ቢለበለብ አይድንም፣ ይጣላል። ሲቀየር ደግሞ ግራና ቀኝ በአንድ ላይ፣ አንድ አይነት፣ ከአንድ ካርቶን። በአንዱ በኩል ኦሪጅናል በሌላው በኩል ርካሹን አስገብቶ ቀጥ ብላ ትቁምልኝ ማለት የለም።

ይሄ ሁሉ ደህና ሆኖ ከተገኘ ብቻ ነው ወደ ጎሚኒ (ብረቶቹ ሚጋጠሙበት ላይ ሚገባው ጎማ) ምንሄደው። ጎማውን ሚይዘው የታችኛው ክንድ ላይ ያለው ጎሚኒ ሲላላ ፍሬን ስትይዝ ጎማው ወደ ኋላ ሸሽቶ አቅጣጫ ይቀይራል። ምልክቱ ሌላ ነው፣ ፍሬን ስትይዝ ወደ አንዱ ነዳጅ ስትሰጥ ወደ ሌላው ትላለች፣ ወደፊት ወደኋላ ትንሽ ትንሽ እያልክ ስታቆማት ከስር ቋ ይላል። አላይመንት የሰራልህ ሰው ከመለካቱ በፊት ይሄን መፈተሽ ነበረበት፣ በላላ ጎሚኒ ላይ የተሰራ አላይመንት ብር መጣል ነው።

እስኪሰራ ድረስ ሀረጎን በሷ አትውረድ፣ በሚኒባስ ተመላለስ። አዲስ ሸራ ካስገባህም ዲስኩ ላይ በደንብ እስኪቀመጥ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከተማ ውስጥ ለስለስ አድርገህ ያዝ እንጂ በዛው ቀን ቁልቁለት ላይ አትፈትናት።

ጥያቄ፦ እኔ በእድሜ ገፋ ያልኩ ሰው ነኝ፣ አባዱላ አለችኝ ከኮምቦልቻ ባቲ ትሰራለች፣ ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ ጭነቱም ሰዉም ይበዛል። ፍሬን ስይዝ ወደ ቀኝ ትስባለች፣ እግሬን ካነሳሁ በኋላም ትንሽ መሳቧን አትተውም፣ የቀኝ የፊት ጎማ ይግላል ይሸታል። ሸራ ተቀየረ፣ ካሊፐር ተቀየረ፣ ያው ነው። አድራ ጠዋት ስትነሳ ምንም የሌለባት ትመስላለች። ሚሰራልኝ ልጅ አሁን ደግሞ ማስተር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ሚገፋው) ነው ግዛ እያለኝ ነው።

መልስ፦ አባቴ፣ ማስተሩን ገና አይግዙ። የርስዎ ጉዳይ ከላይኛው ጋር ይመሳሰላል እንጂ ግልባጩ ነው፣ እዚህ ታማሚው የሳበበት ጎማ ራሱ ነው፣ ይዞ አይለቅም። ካሊፐር ተቀይሮ ያው ከሆነ እኔ ምጠረጥረው ከሻሲው ወደ ካሊፐሩ ሚመጣውን የጎማ ቱቦ ነው። ከውጪ ሲያዩት ምንም አይልም፣ ውስጡ ግን በእርጅና አብጦ መተላለፊያውን ያጠበዋል። እግርዎ ሲረግጥ ኃይሉ ትልቅ ስለሆነ ዘይቱ በግድ ያልፋል፣ ሲለቁ ግን ወደ ኋላ ሚመልሰው ግፊት ትንሽ ስለሆነ እዛው ታስሮ ይቀራል፣ ሌሊቱን ቀስ እያለ ስለሚመለስ ነው ጠዋት ደህና ምትሆነው።

ብር ከማውጣትዎ በፊት ልጁ ይሄን ይስራ። ጎማውን ያንሳ፣ አንድ ሰው ፍሬኑን ረግጦ ይልቀቅ፣ ጎማውን በእጁ ያዙረው፣ አልዞር ካለ ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ በጥቂቱ ይክፈታት (ፊቱን ዞር አድርጎ፣ ዘይቱ ፊጭ ብሎ አይን ውስጥ ሊገባ ይችላል)። ስትከፈትም ጎማው ካልተለቀቀ ችግሩ ካሊፐሩ ላይ ነው፣ አዲስ ነው ተብሎ የተገጠመው ማለት ነው። ከተለቀቀ ግን ዘይቱ ታስሮ ነበር። ያኔ መልሶ ይዝጋ፣ እንደገና ተረግጦ ይለቀቅ፣ አሁን ደግሞ ከላይ የብረቱ ቱቦ ከጎማው ቱቦ ጋር ሚገናኝበትን ጋ ያላላ። እዛ ሲላላ ጎማው አሁንም እንደተያዘ ከቀረ ጥፋተኛው የጎማው ቱቦ ነው፣ ከተለቀቀ ደግሞ ችግሩ ከዛ በላይ ስለሆነ ስለ ማስተሩ ያለው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። ቱቦውን በፒንሳ ቆንጥጬ ልፈትሽ ካለ ይከልክሉት፣ ደህናውንም ውስጡን ይሰብረዋል። ሲቀየር የግራውም አብሮ ይቀየር እኩል ነው ያረጁት፣ ከዛ አየሩ በደንብ ይውጣ።

ይሄ ሳይሰራ ግን ሰኞ ሰው አይጫንባት።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ ኮምቦልቻ ነኝ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ነው፣ ምነዳው አውቶማቲክ ኮሮላ ነው። ቤተሰብ ይዤ ከደሴ ስወርድ ግማሽ መንገድ ላይ የሚሸት ነገር ይመጣል ከዛ ፔዳሉ ይለሰልስብኛል፣ ደጋግሜ ካልረገጥኩት አይዝም። አይስብም። ቤት ደርሳ ስትቀዘቅዝ ምንም ያልሆነች ትመስላለች። ወንድሜ ፍሬን ዘይት ጨምሪበት ነው ሚለኝ።

መልስ፦ እህቴ መጨመር አይደለም መቀየር ነው ያለበት፣ ከሱ በላይ ግን አወራረድሽ ነው መቀየር ያለበት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፣ በመሃላቸው 650 ሜትር ያህል አለ። ከነሰዉ 1,400 ኪሎ የሆነች መኪና ይሄን ስትወርድ ያለው ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት ቢቀየር ከ25 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ነፋሱም ጎማውም የየራሱን ይወስዳል፣ የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል ወይ ፍሬኑ ይበላዋል፣ አንቺ እንደምገምተው በዲ ወርደሽ ሁሉንም ለፍሬኑ ነው የሰጠሽው።

የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 (የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) ቢያንስ 205 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ እንዲቆይ ነው ሚሰራው፣ ውሃ ሲጠጣ ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 140 ይወርድለታል። ሲፈላ አረፋ ይሰራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፣ እግርሽ አረፋውን ይጨምቃል እንጂ ግፊቱ ጎማው ጋ አይደርስም፣ ሲቀዘቅዝ አረፋው ስለሚጠፋ ጋራዥ ስትወስጃት ምንም አያገኙባትም። በየ2 ዓመቱ ሙሉውን አስቀይሪው፣ የዘይቱ ክዳን ላይ የተጻፈው ዶት 3 ከሆነ ዶት 4 ማድረግ ይቻላል፣ ዶት 5 ሚባለው ግን ከነዚህ ጋር አይቀላቀልም፣ የሞተር ዘይት ወይ የመሪ ዘይት ጠብ ካለበት ደግሞ የፍሬኑ ጎማ በሙሉ አብጦ ይበላሻል። እግረ መንገድሽን ዘይቱ ለምን ጎደለ ብለሽ ጠይቂ፣ ወይ ሸራው አልቋል ወይ የሆነ ቦታ ያፈሳል።

ስትወርጂ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን 2 ላይ አድርጊው፣ በጣም የቆመ ቦታ ላይ ኤል ላይ፣ ሞተሩ ቢጮህ አትደንግጪ ስራውን እየሰራ ነው። እግርሽን ፍሬን ላይ አሳርፈሽ አትውረጂ፣ ጠበቅ አድርገሽ ያዢና ፍጥነቱ ሲቀንስ ልቀቂው እንዲተነፍስ። ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍተው ሚወርዱ ሰዎች ምክር ከሰጡሽ እንዳትሰሚያቸው፣ ሞተር ሲጠፋ ጥቂት ከረገጥሽ በኋላ የፍሬኑ አጋዥ ያልቃል ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል መሪውም ይከብዳል። መሃል ላይ ፔዳሉ ከለሰለሰብሽ ደጋግመሽ ርገጪ፣ ማርሽ ቀንሺ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳቢ፣ ዳር ያዢና እስኪቀዘቅዝ ቁጭ በይ፣ የኋላ መኪና ክላክስ ቢያደርግ ያድርግ።

ጥያቄ፦ የኔዋ አትስብም፣ ግን በፍጥነት እየሄድኩ ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል። የጎማ ባላንስ አሰርቼ አልተወውም።

መልስ፦ ባላንስ ቢሆን ፍሬን ሳትይዝም ይንቀጠቀጥ ነበር። ዲስኩ ነው፣ ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል አይደለም። ጎሚስታ ጋ በአየር መፍቻ አንዱን ቡሎን በኃይል አንዱን በላላው ማሰርም ያመጣዋል፣ ስለዚህ ቡሎኖቹ በመስቀለኛ ተራ፣ በእጅ ቁልፍ፣ በእኩል ኃይል ይታሰሩልህ። ቶርኖ ቤት ዲስኩን ማስላጥ ይቻላል ግን ዝቅተኛው ውፍረት ራሱ ዲስኩ ላይ ተቀርጿል፣ ከመላጡ በፊት ይለካ፣ ተልጦ ከዛ በታች ሚወርድ ከሆነ ሁለቱንም ቀይር።